ዋጋውን ከገዢው አፍ አትስሙ

ለቅሶው አልፏል፤ አርባውም ወጥቷል። ድንኳኑና ወንበሩ ለእድሩ ተመልሷል። ልጆች ተሰብስበው የእናታቸውን ንብረት መከፋፈል ይጀምራሉ። ቤቱ ካርታ አለው። የባንኩ ሒሳብ ቁጥር አለው። መኪና ካለ ሊብሬ አለው። በእነዚህ ላይ ጠብ ቢነሳ እንኳ ጠቡ የሚዳኝበት ወረቀት አለ። ከዚያ አንደኛው ዞር ይልና የሳሎኑን ቡፌ ይከፍታል። ከመስታወቱ ጀርባ፣ መሀለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ፣ ሰማያዊ አበባ የተሣለበት ትልቅ ሳህን ቆሟል። እናትየው በሕይወት ሳሉ ምግብ ቀርቶ ብስኩት እንኳ አላቀረቡበትም። "እሱን እንዳትነኩ!" እየተባሉ ነው ልጆቹ ያደጉት።

"ይሄ ስንት ያወጣል?" ይላል አንዱ።

ስልክ ይወጣል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶው ወደ አንድ የሽያጭ ግሩፕ ይላካል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው በውስጥ መስመር ይመጣል። "ብዙም አያወጣም፤ ግን 3 ሺህ እወስደዋለሁ፤ አሁኑኑ መጥቼ።" ሲመሽ ሳህኑ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በፌስታል ይወጣል። ሦስት ወንድምና እህት አንድ አንድ ሺህ ብር ይደርሳቸዋል።

ሰፈሩንና የብሩን መጠን ቀይሩት እንጂ ይህን ታሪክ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። መሸጣቸው ነውር የለውም። ሰው የወረሰውን ቢሸጥ መብቱ ነው፤ 3 ሺህ ብርም ምናልባት ተገቢው ዋጋ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። "ብዙም አያወጣም" ያላቸው ሰው ሊገዛው የመጣው ሰው ነው። ጠያቂዎቹ ሦስት ሆነው መላሹ አንድ፣ እሱም ባለጉዳይ! በየትኛውም ሌላ ነገር ላይ እንዲህ ያለ ዳኝነት አንቀበልም። ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን ራሱ ገምቶ "ይህን ያህል ነው" ቢል እንስቅበታለን። ሳህን ሲሆን ግን አመስግነን በር ድረስ እንሸኘዋለን።

የአባባሉ ባለቤቶች አጭር አድርገው ጨርሰውታል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የሚሰራጨው ዜናና የሚቀረው ግማሹ

በየጊዜው ከቻናል ወደ ቻናል የሚዞር አንድ ዓይነት ዜና አለ። "በ35 ዶላር የገዛው ሳህን ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ!" ዜናው እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ኮኔክቲከት፣ ኒው ሄቨን አካባቢ፣ አንድ ሰው ከግቢ ሽያጭ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን በ35 ዶላር ገዛ። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው የሶዝቢስ ጨረታ በ721,800 ዶላር ተሸጠች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በሚንግ ሥርወ መንግሥት በዮንግሌ ንጉሠ ነገሥት ዘመን የተሠራች ነበረች። በዓለም ላይ የሚታወቁት አቻዎቿ ስድስት ብቻ ነበሩ።

ዜናውን የሚያሰራጩት ሰዎች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘላሉ። ሰውየው ሳህኗን ይዞ ወደ መንደሩ የዕቃ ነጋዴ አልሄደም። ፎቶ አንስቶ ለባለሙያዎች ላከ፤ ባለሙያዎቹ ቅርጿን፣ የብርጭቆ ልባሷን፣ የሰማያዊ ቀለሟን ሁኔታ አይተው ነገሩት። የ35 ዶላሩ ሳህን 721,800 ዶላር የሆነው በዕድል ብቻ አይደለም፤ ከመሸጡ በፊት በመጠየቁ ነው። ዜናው በየቻናሉ ሲዞር ግን መጠየቁ ወጥቶ ዕድሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አንባቢው ትምህርት ሳይሆን ምኞት ይዞ ይሄዳል።

ምኞት ደግሞ ለአጭበርባሪ ምቹ እርሻ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በድሮ የሲንገር ስፌት መኪና ውስጥ "ቀይ ሜርኩሪ" አለ የሚል ወሬ ተነሥቶ ሰው አሮጌ መኪና በአሥር ሺዎች ሪያል ሊገዛ ተሯሩጧል። ወሬው ሐሰት ነበር። ዛሬም "የድሮ ሳንቲም፣ የድሮ ማሰሮ፣ የድሮ ሳህን በሚሊዮን እንገዛለን" የሚሉ መልእክቶች ይዞራሉ። አሠራራቸው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ልብ የሚያቆም ዋጋ ይጠራሉ፣ ቀጥሎ "ለምርመራ"፣ "ለማጓጓዣ"፣ "ለፈቃድ" ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ። ትክክለኛ ገዢ ዕቃህን ለመግዛት ከአንተ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህን አንድ መስመር ብቻ የያዘ ሰው ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

የተጠራ ዋጋ ሁሉ የተከፈለ ዋጋ እንዳልሆነም ይታወቅ። በ2010 እ.ኤ.አ. ምዕራብ ለንደን ውስጥ፣ አንድ ቤተሰብ ከሟች ዘመዱ ቤት ያገኘው የቻይና የአበባ ማስቀመጫ በአንድ ትንሽ አጫራች ቤት 43 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠራበት። መዶሻው ወረደ፤ ዓለም አወራው። ገዢው ግን አልከፈለም። ማስቀመጫው በሌላ ስምምነት የተሸጠው በ2013 ሲሆን፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው በእጅጉ ያነሰ እንደነበር ተዘግቧል። በኢንተርኔት ላይ "500 ሺህ ብር" ተብሎ የተለጠፈ ሳህን አይቶ "የእኛም እኮ ይኸው ነው" የሚል ሰው ይህን ያስታውስ። የሚለጠፈው የሻጩ ምኞት ነው፤ ዋጋ የሚባለው በመጨረሻ ገዢ የከፈለው ነው።

ባለሙያም ይሳሳታል፤ ፍርድ ቤትም አያድንም

"እንግዲያው ባለሙያ መጠየቅ ይበቃል" የሚል ካለ አንድ የፈረንሳይ ታሪክ አለ። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ፎንቴንብሎ በሚገኘው ኦሰና አጫራች ቤት፣ አንዲት ውጭ አገር የሚኖሩ ሴት ከወላጃቸው ቤት የወረሱት ሰማያዊና ነጭ የቻይና የአበባ ማስቀመጫ ለጨረታ ቀረበ። የቤቱ ባለሙያ "የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው" ብሎ ከ1,500 እስከ 2,000 ዩሮ ገመተው። ከዚያ ማስቀመጫውን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች በረከቱ። በጨረታው ዕለት 7.7 ሚሊዮን ዩሮ ተጠራበት፤ ከክፍያዎቹ ጋር ከ9 ሚሊዮን አለፈ። ባለሙያው ከሥራው ተሰናበተ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

ማን ልክ እንደነበር መከራከር ይቻላል። ሻጯን ያዳናቸው ግን ግልጽ ነው። ግምቱ ቢሳሳትም ሽያጩ በአደባባይ ነበር። ብዙ ገዢ አየው፤ ተፎካከረ፤ የአንዱ ሰው ስህተት በብዙዎች ዓይን ታረመ። ያው ማስቀመጫ ጓዳ ውስጥ ለአንድ ነጋዴ ቢሸጥ ኖሮ በሁለት ሺህ ዩሮ ይሄድ ነበር፤ ማንም አያውቅም፤ ማንም አይጠይቅም።

"ተጭበረበርኩ ካልኩ እከሳለሁ" ለሚል ደግሞ ሌላ የፈረንሳይ ታሪክ አለ፤ ይኸኛው አፍሪካንም ይነካል። ፈረንሳይ ውስጥ የሚኖሩ አረጋውያን ባልና ሚስት ቤታቸውን ሲያጸዱ የባል አያት፣ የቅኝ ግዛት ሹም የነበሩት፣ ከጋቦን ያመጡትን የእንጨት ጭንብል ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በ150 ዩሮ ሸጡ። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ያው የፋንግ ሕዝብ ጭንብል ሞንፔሊዬ ላይ በ4.2 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ባልና ሚስቱ ከሰሱ። በታኅሣሥ 2023 የአሌስ ፍርድ ቤት ለነጋዴው ፈረደ። ነጋዴውም የአፍሪካ ጥበብ አዋቂ አልነበረም፤ እነሱም ከመሸጣቸው በፊት የዕቃውን ታሪክና ዋጋ ለማጣራት አልደከሙም ተባለ። ጭንብሉ ይመለስልኝ ያለው የጋቦን መንግሥት ጥያቄም ውድቅ ሆነ።

ይህ ፍርድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሁለት ጊዜ ያማል። አንደኛ፣ ሕግ ያለባት አገር እንኳ ሳይጠይቅ የሸጠን ሰው አላዳነችም። ሁለተኛ፣ ሻጭ፣ ነጋዴና ገዢ ስለ ዋጋው ሲከራከሩ ጭንብሉን የሠራው ሕዝብ ከበሩ ውጭ ቀረ። ከመቅደላ በኋላ፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ ለራሱ መኮንኖችና ወታደሮች በጨረታ ሲሸጥ ዋጋ የተመነው ማን ነበር? ገዢው ራሱ። የዕቃን ዋጋ ገዢ ብቻ ሲተምን የሚሆነውን እኛ ከማንም በፊት አይተነዋል። ደግመን በራሳችን ሳሎን፣ በራሳችን ልጆች እጅ ማየት የለብንም።

በቡፌው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

እውነቱ ይነገር፤ በአብዛኛው ቤት ቡፌ ውስጥ ያለው ሳህን ሚሊዮን ቀርቶ መቶ ሺህ ብርም አያወጣም። በፋብሪካ በብዛት የተሠራ ነው። ይህን መስማት ያናድዳል እንጂ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሳያውቁ መሸጥ ወይም ሳያውቁ መጣላት ነው።

ቢያንስ የመጀመሪያውን ምርመራ ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ሳህኑን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። የአገር ስም በእንግሊዝኛ ከተጻፈበት አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራ ነው፤ አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አስገድዳለችና። "ሜድ ኢን ኦኪዩፓይድ ጃፓን" የሚል ማኅተም ካለው ጃፓን በአሜሪካ ጦር ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ከ1952 በፊት የተሠራ ነው። "ኖሪታኬ" የሚል ከሆነ በ1904 የተመሠረተው የጃፓን ኩባንያ ሥራ ነው። ሁለት የተቆላለፉ ሰይፎች ካሉበት የጀርመኑ የማይሰን ምልክት ነው፤ ደስታው ግን ይቆየን፣ በዓለም ላይ በብዛት ከተቀዱ ምልክቶች አንዱ ነውና። የቻይና ንጉሥ ዘመን የተጻፈበትም ማረጋገጫ አይደለም፤ የቻይና ሠሪዎች ራሳቸው ለቀደሙት ነገሥታት ክብር ሲሉ የድሮ ማኅተም ሲጽፉ ኖረዋል።

ቀጥሎ ሥዕሉን በማጉያ መነጽር ማየት ነው። ጥቃቅን ነጠብጣብ ተደርድሮ ከታየ የታተመ ነው፤ የብሩሽ ዱካ ከታየ በእጅ የተሣለ ሊሆን ይችላል። ጠርዙን በጣት መዳሰስ፣ በጥፍር ቀስ አድርጎ መምታት ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካለው የተሰወረ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ስንጥቅ ደግሞ ዋጋን ክፉኛ ይጥላል። በበረኪና ማጠብ አይገባም፤ የተሰበረውንም በሱቅ ማጣበቂያ አጣብቆ መደበቅ አይገባም።

ይህ ሁሉ ዋጋውን አይናገርም። አንድ ነገር ግን ያደርጋል። ገዢው ሲመጣ በባዶ ጭንቅላት አይጠብቁትም።

አገርኛውንም መናቅ ይቅር። ሐዋሳ ላይ የተቋቋመው ታቦር ሴራሚክ የሠራቸው ሳህንና ሲኒዎች በብዙ ቤት አሉ። ዛሬ ገበያው ላይ ምናልባት ምንም አያወጡም። ነገር ግን አገሪቱ ሳህኗን ራሷ ስትሠራ የነበረበት ዘመን ምስክር ናቸው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሙዚየም አንዱን ሙሉ ሰርቪስ ሲፈልግ ከየት ያመጣል? በየቀኑ ቡና የምንጠጣበት "ሲኒ" የሚለው ቃል እንኳ ከዓረብኛ የመጣ፣ "ቻይናዊ" ማለት ነው። የቻይና ሸክላ ወደዚህ አገር የመጣው ትናንት በኮንቴይነር አይደለም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሀርላ ላይ የተደረገው ቁፋሮ ከቻይና ጭምር የመጣ ዕቃ በመካከለኛው ዘመን እዚያ ይደርስ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ "እዚህ አገር ምን ጥንታዊ ሳህን አለ!" የሚለው ንቀት መሠረት የለውም።

"ማስታወሻ ነው" የሚለው ማን ነው?

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል።

አንደኛው፣ "ሰው ዳቦ ባጣበት ዘመን ስለ ሳህን ዋጋ ማውራት ቅንጦት ነው" የሚል ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሀብታም ሳህኑን አይሸጥም፤ ቡፌው ውስጥ ያቆየዋል። ቤቱ ለልማት ፈርሶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዕቃውን ወደ ጠባብ ኮንዶሚኒየም የሚያስገባው ነው የሚሸጠው። የቤት ኪራይ የጨመረበት፣ ሕመምተኛ ያለበት ነው የሚሸጠው። ለልዋጭ በፕላስቲክ ባልዲ የሚቀይረውም እሱ ነው። ስለ ዋጋ ማወቅ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ለቸገረው ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለስለስ ያለ ነው፤ "የእናት ዕቃ ማስታወሻ ነው፤ በብር አይተመንም።" ያምራል። ግን ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ዕቃውን ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው ሰው ነው! ማስታወሻነቱ ለሁሉም ከሆነ ሌሎቹስ ምን ደረሳቸው? ዋጋው ከታወቀ አንዱ ሳህኑን ወስዶ ለሌሎቹ ከድርሻው ሊያካክስ ይችላል። ካልታወቀ ግን ደግ የሚባለው ዝም ይላል፣ ብልጥ የሚባለው ይወስዳል፣ ቅሬታው ለአሥር ዓመት በየበዓሉ ማዕድ ላይ አብሮ ይቀመጣል።

ሌላም አለ። ያ ሳህን ምናልባት ከቻይና ነጋሥታት ጋር ዝምድና የለውም። ታላቋ ልጅ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ስትመለስ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ የሻንጣ ኪሎ ከራሷ ልብስ ቀንሳ ያመጣችው ይሆናል። ገበያው 3 ሺህ ብር ይለዋል። በሰው ቤት የተሠራበትን ወር፣ ያልተከፈለውን ደሞዝ ማን ይቆጥረዋል? ውርስ ሲከፋፈል "ዕቃ" ተብሎ ከድስትና ከሰፌድ ጋር ሲደመር፣ ያቺ ልጅ አፏን ይዛ ታያለች። ብሩን ማወቅ ይህን ታሪክ አያጠፋውም። ይልቁንም ሁለቱን ለይቶ ለመናገር ዕድል ይሰጣል፤ ይህ ገበያው የሚለው ነው፣ ይህ ደግሞ እሷ የከፈለችው ነው።

ምን ይደረግ?

የመንግሥት ድርሻ አለ። ለቤት ገማች አለ፤ ለመኪና ገማች አለ፤ ለሳሎን ዕቃ ግን ሰው የሚሄድበት ገለልተኛ በር የለም። የተረፈው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴና የስጦታ ዕቃ ሱቅ ነው፤ ሁለቱም በአንድ አፍ ይገምታሉ፣ በዚያው አፍ ይገዛሉ። ነጋዴን መውቀስ አይገባም፤ ነጋዴ ረክሶ ቢገዛ ሥራው ነው። የሚወቀሰው ከእሱ ሌላ የሚጠየቅ ሰው አለማዘጋጀታችን ነው። ሙዚየሞች፣ የቅርስ ባለሥልጣን፣ ስለ ቅርስና ስለ አርኪዮሎጂ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በወር አንድ ቀን በራቸውን ከፍተው "የቤትህን ዕቃ ይዘህ ና፤ ምን እንደሆነ እንነግርሃለን" ቢሉ ምን ያህል ያስወጣቸዋል? ዋጋ መተመን የለባቸውም። ምንነቱን፣ ዘመኑንና የመጣበትን አገር መንገር ብቻ ይበቃል። ተማሪው ይለማመዳል፤ ባለዕቃው ያውቃል፤ አገሪቱም በየጓዳው ምን እንዳለ ታውቃለች። ውርስ አጣሪዎችም "ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ" ብለው በአንድ መስመር የሚያልፉትን ነገር ፎቶ አንስተው ከመዝገቡ ጋር ቢያያይዙት ወረቀትና አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የቤተሰብ ድርሻም አለ፤ ይኸኛው ማንንም አያስጠብቅም። ዕቃውን ያወረሱት ሰው በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ከየት መጣ? ማን ገዛው? በእቁብ ብር ነው ወይስ ስጦታ? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከሳህኑ ጋር አስቀምጡ። የዕቃ ታሪክ በጨረታ ዓለምም ዋጋ የሚጨምር ነገር ነው። ከመሸጣችሁ በፊት ፊትና ጀርባውን፣ ማኅተሙን፣ ጉዳቱን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ። እርስ በርስ ከማይተዋወቁ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ስሙ፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ የመግዛት ፍላጎት የሌለው ይሁን። ትልልቆቹ የውጭ አጫራች ቤቶች በፎቶ ብቻ የመጀመሪያ ግምት በነፃ ይሰጣሉ፤ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ዘመድ ካለ ይህን ያህል ሥራ አይከብደውም። የኢንሹራንስ ግምትና የሽያጭ ግምት ግን አንድ እንዳልሆኑ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ዕቃውን ለመተካት የሚያስፈልገው ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከሁለተኛው ይበልጣል። ዕቃው ጥንታዊ ሆኖ ከተገኘ በሻንጣ ደብቆ ለመላክ አትቸኩሉ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል።

"አሁን ካልሸጣችሁ ነገ አልመጣም" የሚል ገዢ ካጋጠማችሁ ደግሞ ምርመራው በግማሽ ተጠናቋል። ምንም የማያወጣ ሳህን ለመግዛት እንዲህ የሚቸኩል ሰው የለም።

ያ ሳህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ቆሞ ማንንም አልቸገረም። ተጨማሪ አንድ ወር ቢቆም ቤቱ አይፈርስም። በዚያ ወር ውስጥ ግን ልጆቹ እናታቸው ያንን ሳህን እንዲያ የሚጠብቁት ለምን እንደነበር ሊያውቁ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ቢሸጡት ምን እንደሸጡ አውቀው ነው፤ ቢያስቀምጡትም ምን እንዳስቀመጡ አውቀው ነው። "ስንት ያወጣል?" የሚለውን ጥያቄ ለሚገዛው ሰው ብቻ የሚያቀርብ ወራሽ ግን ከሳህኑ በፊት የመጠየቅ መብቱን ሸጧል። እሱን ደግሞ 3 ሺህ ብር አይመልሰውም።